በበረቱ በኩል ያለው ግድግዳ

ሻንጣ ነው የምሸጠው። የስልክ ከቨርም፣ ሽቶም፣ ብርድ ልብስም አለ፤ በረዶ ሲጀምር ጓንት እጨምራለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በሻንጣ ነው። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ዋናው ነገር፣ ገና ከበር «ውይ ሲያምር!» ያለ ሰው እንደማይገዛ ነው። የሚገዛው የሚያጣጥለው ነው። «ይቺ ደግሞ ጎማ ተብላ ነው? ኤርፖርት ሳትደርስ ትወልቃለች» ካለ፣ ዚፑን እየሳበ ከመለሰ፣ ገልብጦ ከሥር ካያት፣ ያን ጊዜ ወንበሬን ስቤ እቀመጣለሁ። ሰውዬው ይዟት ሊሄድ ነው።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ፣ ልጄ የሠራችው እቃ ሲመጣ አንዱም ትዝ አላለኝም። ነገሩ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። የገባኝን ያህል ልጻፈው።

ልጄ እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች ናት። ዎርዝንግተን አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ምን እንደሆነ አስረድታኛለች፤ እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ። ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጥና ከጓደኞቿ ጋር ጌም ትጫወታለች። ጌም ሲባል የሚታኮሱበት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ይሄኛው ወሬ ነው። አንዷ ታወራለች፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። ከዚያ አንዱ «እኔ በሩን እከፍታለሁ» ይላል፣ ዳይስ ይወረውራል፣ ዳይሱ ከፈቀደ በሩ ይከፈታል። ድሮ ጠረጴዛ ከበው ነበር አሉ የሚጫወቱት። አሁን አንዱ እዚሁ ከተማችን ሾርት ኖርዝ፣ አንዷ ቴክሳስ፣ አንዱ ደግሞ የት እንዳለ ጠይቄ ያላወቅኩት ሲሆን፣ ጠረጴዛው ኦንላይን ሆኗል።

መጀመሪያ ግራ የገባኝ ወሬውን መግዛታቸው ነው። አጫዋቿ ታሪክ ከራሷ ማምጣት ካልፈለገች፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጀብዱ ትገዛለች። ሞጁል ይሉታል። ታሪኩ፣ ማፑ፣ ጭራቆቹ፣ በሮቹ፣ መብራቱ ሳይቀር በአንድ ላይ ነው የሚሸጠው።

«ከገዛሽው በኋላ ምን ቀረ ታዲያ?» አልኳት።

«መጫወት።»

«ታሪኩ አልቆ የለም እንዴ?»

«ኖ ዳድ። አላለቀም። እኛ ነን የምንጨርሰው።»

ያላለቀ ታሪክ፣ በሙሉ ዋጋ። መርካቶ እያለሁ እንዲህ ያለ እቃ የሚያከፋፍል ሰው ባውቅ ኖሮ ጨርቅ አልሸከምም ነበር።

ሁለተኛ ግራ የገባኝ ብሶቷ ነው። ራት ላይ ሌላ ወሬ የለም። አንዱን ትገዛለች፤ በሩ ተስሏል፣ ግን አይከፈትም። ሌላውን ትገዛለች፤ ተጫዋቹ ገና ደጅ ቆሞ፣ ውስጥ የተደበቀው ጭራቅ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። በአንዱ ላይ ደግሞ የሞተው ንጉሥ ምስል ጠፍቶ በቦታው ፍየል ተቀምጧል። ጓደኞቿ ያን ምሽት ለፍየል እጅ ሲነሱ አመሹ። እኔ ስቄ ልሞት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሞጁሎቹ በሚሸጡበት ድረ ገጽ ላይ፣ ከየእቃው ሥር ገዢ አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ አለ። እዚያ ገብታ ሻጩን ልክ ልኩን ትነግረዋለች። እንግሊዝኛው የኦሃዮ ነው፤ ምላሱ ግን የእናቷ ነው። ስሟ እየታወቀ መጣ። ሰው እቃ ከመግዛቱ በፊት «እሷ ምን አለች?» ብሎ የሚያይ ሆነ። ለባለ ፍየሉ ሰውዬ የጻፈችለትን ተርጉማ ስታነብልኝ፣ እኔ በሱ ፋንታ ሱቄን ልዘጋ ምንም አልቀረኝም።

እንዲህ እያለች አንድ ቀን ሱቅ መጣችና ከሻንጣዎቹ መሀል ቆመች።

«ዳድ፣ እኔም አንድ ሠራሁ። ልሸጠው ነው።»

«እሰይ!»

«እሰይ አትበል። ሁሉም እየጠበቁኝ ነው።»

ይሄንን በአማርኛ ነው ያለችው። ልጄ ሳትገደድ በአማርኛ ከተናገረች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«አንድ በር እምቢ ቢል አለቀልኝ» አለች። «የሰው ስህተት ስናገር ኖሬ የራሴ ቢበላሽ፣ ከዚያ በኋላ ማን ነው የሚያምነኝ? የፍየሉ ሰውዬ እቃው ገና ሳይወጣ 'እገዛዋለሁ' ብሎኛል። በፈገግታ ምልክት።»

የፈገግታ ምልክቷን አሳየችኝ። እኔም አልወደድኳትም።

የመጣችው ለካስ ሰው ፈልጋ ነው። እቃው ከመውጣቱ በፊት የሚሞክረው ሰው። ጓደኞቿ እንዴት እንደምታስብ ስለሚያውቁ አይሆኑም፤ ስለዚህ ጌም ምንም የማያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

«ምንም የማያውቅ ከሆነ ቤቱን አልሳትሽም» አልኳት።

ሁለት ሰው ጨመርኩላት። አንደኛዋ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ፀጉር የምትሠራው ሴትዮ ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት፣ ደንበኞቿም ጭምር። ሌላው ከከተማ ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን ቤት የገዛ የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ትራክ ይነዳል። ቤቱን ከገዛ ወዲህ ያደረበት ቀን ጥቂት ነው፤ በዚያ እሑድ ግን ከተማ ውስጥ ነበር።

ሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ ካርቶኖች መሀል፣ ላፕቶፕ አስቀመጠችልን። ታሪኩን ስትነግረን ትንሽ ደነገጥኩ። ወንዝ ዳር ያለ ኬላ ነው። ሦስት ነጋዴዎች የተዘጋ ሳጥን ይዘው ማለፍ አለባቸው። ጠባቂ አለ፣ ምድር ቤት አለ፣ በረት አለ። ሳጥኑን ይዞ ማዶ የተሻገረ አበቃ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ካንተ ነዋ» አለችኝ፣ ኮምፒውተሩን እየነካካች።

እውነት ነው፤ ልጅ ሳለች እንቅልፍ እምቢ ሲላት ከምሥራቅ በኩል ጨርቅና ጫማ በኬላ እንዴት እናሳልፍ እንደነበር እነግራት ነበር። ትሰማኛለች ብዬ አልነበረም። በኔ ታሪክ ውስጥ ግን ጠባቂው አንድ ራስ ነበረው። ይሄኛው ሁለት አለው። «አንዱ ጉቦ ይበላል፣ አንዱ አይበላም» አለች። በኛ ጊዜ ሁለቱም ይበሉ ነበር ልላት ብዬ ተውኩት።

ሕጉ ይሄ ነው፦ አብረን ከገባን እናወራለን፣ ስለዚህ አንድ በአንድ። እሷም አትተርክም፣ አትረዳም፤ ወጥታ ሱቁን ትጠብቃለች። እኛ ነጋዴውን ሰውዬ እየነካን ማዶ ድረስ እናስኬዳለን፤ የተበላሸ ነገር ካለ እንነግራታለን። በቃ።

መጀመሪያ እኔ ገባሁ። የኔ ሰውዬ ሳጥን የተሸከመ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ነው። ወደ ትልቁ በር ወሰድኩት። በሩ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ ቁልፍ ይላል። ቁልፍ የለኝም። እንግዲህ ኬላ በር ላይ ተገትሮ የሚጨቃጨቅ ጀማሪ ነው። ሰውዬውን መለስኩና ዙሪያውን አስቃኘሁት። በበረቱ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ነካ አደረግኩት። ሰውዬው ጭድ ውስጥ እንደሚገባ መርፌ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ በዚያ በኩል ወጣ። ፊት ለፊቴ ወንዝ። ጀልባ። ተሻገርኩ። «ጨረስክ» አለኝ። ባለ ሁለት ራሱን ጠባቂ ራሱን እንኳ አላየሁትም።

ኩራት ተሰማኝ። ይቺ ልጅ የነገርኳትን ሁሉ ይዛዋለች ለካ አልኩ። ዓይን ላለው ሰው ቀዳዳ ትታለታለች።

ስወጣ ልጄ ካሸሩ ጋ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው።»

«የተበላሸ ነገር አለ?»

«ምንም።»

ስለ ግድግዳው ትንፍሽ አላልኩም። ለምን ብዬ? ከኋላዬ ገና ሁለት ሰው ሊገባ ነው። ኬላ ላይ ቀዳዳ ያገኘ ሰው ደግሞ ለጥሩምባ ነፊ አይናገርም።

ቀጥላ እትዬ ገባች። ስትወጣ ልጄን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳመቻት። «እጆችሽ ይባረኩ! እንዴት ያለ ወንዝ ነው የሠራሽው! ውኃው ሲሄድ እኮ ድምፁ የሚሰማ ነው የሚመስለው!»

«የተበላሸ ነገርስ እትዬ?»

«ምን ይበላሻል? አንቺ የሠራሽው!»

ትራከሩም ገብቶ ወጣ። እሱ ቃል በነዳጅ የሚገዛ ይመስል አያወራም። «ስሙዝ ነው» አለ፣ ከዚያ ስለ ሻንጣ ዋጋ ጠየቀኝ።

ልጄ ተንፈስ አለች። የእናቷን ሺፍት ማለቅ እንኳ ሳትጠብቅ በስልክ ነገረቻት። እኛም ተመራረቅን። ከሦስታችን አንድም ያጣጣለ ሰው አለመኖሩ የሻንጣ ነጋዴን ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር። አላስደነገጠኝም።

እቃው ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ፤ ጓደኞቿ ጥሩ ጥሩውን ጻፉ። ከዚያ አንድ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ የጃኬቷ ዚፕ ሳይዘጋ፣ በረዶ ማቅለጫውን ጨው በጫማዋ ይዛ ሱቅ ገባች። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«አንብቢልኝ እንጂ።»

ተርጉማ አነበበችልኝ። የፍየሉ ሰውዬ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ጨዋ መሆኑ ነው። እቃውን በደስታ ገዝቶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ። ጽሑፉ ያምራል ይላል። ነገር ግን በበረቱ በኩል ግድግዳው አያግድም። ተጫዋቾቹ ገና ከመጀመራቸው በዚያ አልፈው ወንዝ ዳር ቆሙ። የተጻፈውን ጠባቂ ማንም አላገኘውም። ምድር ቤቱን ማንም አላየውም። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር አለች፦ «የኔ ፍየል ቢያንስ ሁሉም አይቶታል።»

«ግድግዳው እኮ አለ» አልኳት። «ድንጋይ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ያን ጊዜ አስረዳችኝ። ለካስ ግድግዳ ሁለት ነው። አንዱ ሥዕል ነው፤ ዓይን የሚያየው። ሌላው የማይታይ መስመር ነው፤ በሥዕሉ ላይ በእጅ የሚሰመር፣ ሰውዬውን የሚያግደው። ሥዕሉ ኖሮ መስመሩ ከተረሳ ግድግዳው ለዓይን ብቻ ነው። እሷ በበረቱ በኩል ያለውን መስመር ረስታዋለች።

የሚታየው የማያግድ፣ የሚያግደው የማይታይ። ከዚያ ሌላ ነገር ገባኝ።

«በበረቱ በኩል… ጥግ ላይ ያለው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዳድ። በዚያ አልፈህ ነበር?»

«አልፌ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም!»

«ሥራ መስሎኝ ነዋ! ሆን ብለሽ የተውሽው ቀዳዳ መስሎኝ! ለጎበዝ!»

«ሰው ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ይሄ ልክ አይደለም አትልም?»

«በጌምሽ ውስጥ ባለ ሁለት ራስ ሰውዬ አለ። ልክ የቱ እንደሆነ እኔ በምን ልወቅ?»

ጩኸታችንን ሰምታ እትዬ በእጇ ማበጠሪያ ይዛ መጣች። ልጄ ዞር አለችባት። «እትዬ፣ እርስዎ በየት ነው ያለፉት?»

እትዬ እኔን አየች፣ ልጄን አየች። «እኔማ… በሩ እምቢ አለኝ። ቁልፍ ይላል፤ ቁልፉን ቆፍሬ ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ በከብቶቹ በኩል ሄድኩ።»

«በሩ እምቢ እንዳለ ለምን አልነገሩኝም?»

«ውይ፣ ልጄ! ለፍተሽ ሠርተሽ በርሽ አይከፈትም ይባላል? ነውር አይደለም?»

ልጄ ስልኳን አወጣች። ለትራከሩ ደወለችና ስፒከር አደረገችው። ከጀርባው የመንገድ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ የኔን ጌም ሲሞክሩ በየት ነው ያለፉት?»

«በበረቱ» አለ።

«ችግር መሆኑን አላወቁም?»

«ባይፓስ መስሎኝ ነው የኔ እናት። ትራክ የሚመዘንበት ዌይ ስቴሽን ላይ እኮ መዝገብህ ንጹሕ ከሆነ አረንጓዴ ያበሩልሃል፣ ሳትቆም ታልፋለህ። አረንጓዴ ያበራችልኝ መስሎኝ… ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ልጄ ግንባሯን ትልቁ ሻንጣ ላይ ደፍታ ቀረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላውቅም፤ ስትነሳ ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ጥርሷም ይታይ ነበር።

«እኔ እኮ ሞክረነዋል ብዬ ነው የሸጥኩት» አለች። «ከሦስታችሁ አንድም ሰው አልተጫወተውም።»

እዚህ ላይ እንደ ነጋዴ አንድ ነገር መከርኳት። «ሆን ብዬ ነው በያቸው። ለጎበዝ የተተወ ነው በይ። እኔን አሳምኖኛል፣ እነሱንም ያሳምናል።»

«የፍየሉ ሰውዬ 'ፍየሉን ሆን ብዬ ነው' ቢለኝ ምን የምጽፍበት ይመስልሃል?»

የምትጽፍበትን አስቤ ምክሬን ተውኩት።

እዚያው ካሸሩ ላይ ተደግፋ፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ጻፈች። ግድግዳው የለም፤ የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፉም አይገኝም መሰለኝ፤ አስተካክዬ እስክመልሰው አትግዙት። አትግዙት! እኔ በዕድሜዬ ሱቄ በር ላይ «ዚፑ ሰባራ ነው» ብዬ ለጥፌ አላውቅም። ሲጠይቁኝ እናገራለሁ፤ አልዋሽም፤ ግን እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ። እሷ ማንም ሳይጠይቃት ነው የለጠፈችው። ሞኝነት ይሁን ንግድ፣ ያኔ መለየት አልቻልኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስታችንንም በአንድ ላይ አስቀመጠችን። በዚህኛው ጊዜ እሷ ራሷ ትተርካለች። ላፕቶፖቹ ተከፈቱ፤ ሦስት ነጋዴዎች ኬላው ፊት ቆሙ።

«ሌሊቱ ጨለማ ነው» ብላ ጀመረች ልጄ፣ ድምጿን ወፈር አድርጋ። «ወንዙ ይጮሃል። በሩ ላይ ሁለት ራስ ያለው…»

ቀና ስትል ሦስታችንም በረቱ ጥግ ነን። ሦስት ሳጥን የተሸከሙ ሰዎች፣ አንድ ላይ ተፋፍገው፣ ግድግዳውን እየገፉ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ተዘግቷል» አለ ትራከሩ።

«አዎ፣ ዘግቼዋለሁ!»

«ባለፈው ክፍት ነበር እኮ!» አለች እትዬ። «ይሄ እንግዲህ የለመድነው ነገር ነው! ሰው አንዴ መንገድ ካወቀ በኋላ ይዘጉበታል!»

«አለቃችሁን ጥሩልን» አልኩ እኔ።

«እኔ ነኝ አለቃው፣ ዳድ!»

«አንቺ ከሆንሽ ልጄ ነሽ፣ ክፈቺ።»

«ጋሼ፣ እትዬ፣ ዳድ። ፕሊስ። ወደ በሩ።»

እያጉረመረምን ሄድን። እንግዲህ ያልተጠበቀው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው መንገድ ሲዘጋበት ይሉኝታው አብሮ ይዘጋል መሰለኝ። እትዬ ባለ ሁለት ራሱን ጠባቂ ስታናግረው ቆየችና «ይሄ ሰውዬ ያሉትን ነው የሚደጋግመው፤ ሰክሯል ወይስ ተበላሽቷል?» አለች። ልጄ አየችው፤ ተበላሽቷል። ትራከሩ፣ ያ ቃል የሚቆጥበው ሰው፣ ምድር ቤት ገብቶ ድንገት አፉ ተከፈተ። «እዚህ ችቦ ይዣለሁ፣ ለምን አይበራም? ይሄ ሳጥን ለምን ከደረጃው በላይ ተንሳፈፈ? ማነው ይሄን የጫነው?» እኔም አልቀረሁም። ጉቦ የማይበላው ራስ ሲያንቀላፋ ጉቦ የሚበላውን ለብቻው ማናገር አይቻልም፤ ሁለቱም አብረው ይተኛሉ። «ይሄ ልክ አይደለም» አልኳት። «አንዱ ሲተኛ ነው እኮ ሥራ የሚሠራው!»

ልጄ ትጽፋለች። እንናገራለን፣ ትጽፋለች። መጀመሪያ ፊቷ ቀልቶ ነበር። በኋላ «ሌላስ? ሌላስ ምን አለ?» እያለች እኛን ማሯሯጥ ጀመረች። ቁልፉንም አገኘነው፤ እትዬ ናት ያገኘችው። ጭድ ሥር ነበር፤ ከባለፈው ሙከራ ወዲህ እንዲገኝ ልጄ አስተካክላዋለች። እትዬ ስታገኘው የጮኸችው ጩኸት ሻንጣ ሊገዛ የገባ ሰው አስደንግጦ ሊያስወጣብኝ ነበር። ወንዙን ግን ያን ቀን አልተሻገርንም። ጠባቂው ያዘን። ሳጥናችንን ወረሰው። እትዬ ለፀጉር ከመጣች ደንበኛዋ ጋ እስክትሄድ ድረስ «ሌባ» እያለችው ነበር።

ልጄ የነገርናትን አንድ በአንድ አስተካክላ እቃውን መለሰችው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሱቅ እየመጣች ስልኳን ካሸሩ ላይ ታስቀምጥና ገልብጣ ታየዋለች፣ መልሳ ትገለብጠዋለች። ከብዙ ሰው በፊት የጻፈው ያው ሰውዬ ነው። በድጋሚ ከጓደኞቹ ጋር ተጫውቶታል። አጭር ናት፦ «አሁን ኬላ ሆኗል። ሁለት ጊዜ ታሰርን። ወንዙ ግን ወደ ተራራው ነው የሚፈሰው።»

ልጄ ማፑን ከፍታ አየች። እውነት ነው። ተራራው ከላይ ነው፣ ውኃው ወደ ላይ ይሄዳል። በሳቅ ፈነዳች፤ ያን ያህል ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

«ምን ያስቅሻል? አጣጣለልሽ እኮ» አልኳት፤ አፌ ላይ እያለ ነው የሻንጣው ነገር ትዝ ያለኝ። ሰውዬው ዚፑን እየሳበ ነው። ሊሄድ አይደለም፤ ሊገዛ ነው። ሌላ የምትሠራው ካለ እሱ በር ላይ ነው የሚጠብቃት።

ወንዙን ገልብጣ አስተካከለችው። እኔን ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ያንን ወንዝ ሦስታችንም አይተነዋል። እትዬ እንዲያውም ያደነቀችው እሱን ነው። ሱቋ ሄጄ ጠየቅኳት፤ ፀጉር እየጎነጎነች ነበር።

«እትዬ፣ ያ የልጄ ወንዝ ወደ ላይ እንደሚፈስ አላየሽም ነበር?»

«አይቻለሁ እንጂ» አለች፣ ቀና ሳትል። «አሜሪካ ነው ብዬ ተውኩት።»